ድሬዳዋ ላይ ያገኘኝ የውሃ ጥም

ከወሎዋ ከተማ ከሐይቅ በወጣሁበት ዋዜማ እናቴ እንቅልፍ የወሰዳት መስላ አጠገቤ ተጋድማ ነበር፤ እኔም የተኛሁ መስዬ ነበር፤ ሁለታችንም እየተዋሸን እንደሆነ እናውቃለን። ባሌ ይመር ውጭ ከአጎቶቼ ጋር ያወራል። ይመር የሰፈራችን ልጅ ነው። ድሬዳዋ ወርዶ ልብስ ስፌት ተምሮ፣ በገዛ እጁ የሰፋውን ኮት ለብሶ ተመልሶ ነው ያገባኝ። እውነቱን ልንገራችሁና እኔ መጀመሪያ የወደድኩት ኮቱን ነው።

እናቴ በመጨረሻ ማስመሰሉ ሲሰለቻት ወደ እኔ ዞረች።

«እዚያ አገር ሰዉ ውጭ ነው የሚያድረው አሉ።»

«ይመርም ብሎኛል።»

«ጅብስ?»

«ሙቀቱ ከጅቡ ይብሳል አሉ።»

«አብሽሪ» አለች፤ ለእኔ ትበለው ለራሷ እንጃ።

ስንነሣ ሐይቁ ጉም ለብሶ ነበር። እናንተ የአገሬ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ እኔ ያደግሁት ውሃ የሚባል ነገር ያልቃል ብዬ ሳላስብ ነው። ደጃችን ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ውሃ ነው፤ ቀና ስትሉ ደመና ነው፤ ማታ ጋቢ ደርባችሁ ትተኛላችሁ። እናቴ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘችኝ። አላለቀሰችም፤ ነጠላዬን ብቻ ደጋግማ አስተካከለችልኝ፤ መኪናው ሲንቀሳቀስም እጇ አየር ላይ ነጠላ እያስተካከለ ቀረ።

ከዚያ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ባቡር። ባቡሩ ቁልቁል በወረደ ቁጥር እኔ ልብስ አወልቃለሁ፤ መጀመሪያ ጋቢዬን፣ ቀጥሎ ነጠላዬን፣ አብረውን የተቀመጡት የሦስተኛ ማዕረግ ሰዎች አይተው ይስቃሉ። ከአዋሽ ወዲያ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ከምድጃ የወጣ ይመስል ነበር። «ደረስን?» እላለሁ። ይመር «ገና ነው፤ ይሄ ብርዱ ነው» ይለኛል። ቀልዱ መስሎኝ ነበር።

ድሬዳዋ ስንደርስ መጀመሪያ የጠየቅሁት «ወንዙ የት ነው?» ብዬ ነው፤ ከተማ ካለ ወንዝ መኖሩ አይቀርም ብዬ። ይመር ድልድዩ ላይ አቁሞ ዳቻቱን አሳየኝ። አሸዋ! ሰፊ፣ ነጭ፣ የግመልና የፍየል ኮቴ የታተመበት አሸዋ፤ መሐሉ ላይ ወጣቶች ኳስ ይጫወታሉ። «ውሃውስ?» አልኩት። «ሲመጣ ይመጣል» አለኝ፣ ስለ ዘመድ እንደሚያወራ ሁሉ።

የተከራየነው መጋላ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ እናት እንደማለት አዴ ኩልሱማ የሚባሉ ባልቴት ግቢ አንዲት ክፍል ነው። አባታቸው ሶማሌ፣ እናታቸው ኦሮሞ፣ ሟች ባላቸው ደግሞ ከሐረር ነበሩ፤ ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ቋንቋ ጀምረው በዚያው ሲጨርሱ ሰምቼ አላውቅም። እኔ በወሎ አስተዳደጌ ጎንበስ ብዬ «እንደምን ዋሉ እርስዎ?» ስላቸው ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ።

«ስንት ሰው ነው የሚታይሽ? እኔ አንድ ነኝ። አንቺ በይኝ፣ አቦ!»

ድሬዳዋ እንዲህ ነው። ሽማግሌውም አንተ ነው፣ ዳኛውም አንተ ነው፣ ሹፌሩም አንተ ነው። መጀመሪያ ያስደነግጣል፤ በኋላ ቀስ እያለ እንደ ጥላ ያሳርፋል። እኔም ከዚያ ወዲህ አንቺ አልኳት።

ልማዱን ለመድኩ። ቀጭኗን ቀሚስ፣ ድሪያን፣ ለበስኩ። በቡና ገለባና በወተት የሚፈላውን ሆጃ ጠዋት ጠዋት ጠጣሁ፤ መጀመሪያ ወተቱን ያበላሹት መስሎኝ ነበር። ከቢዮ አዋሌ የሚመጡት ሴቶች የጭስ ሽታ ያለው ወተት ሲያመጡ በር ላይ ቆሜ በምልክት ተገበያየሁ። ማታ ማታ ግቢው በሙሉ አልጋውን አውጥቶ ከሰማይ ሥር ይተኛል፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከአልጋችሁ ሆናችሁ «የርሐሙክ አላህ» ትሉታላችሁ። ከአገሬ የናፈቀኝ ጥቂት ነገር ነበር፤ ዝባድ የመሰለ የእናቴ ቅቤ፣ ጠዋት ከአፍ የሚወጣ እንፋሎት፣ ብርድ ራሱ። ብርድ ይናፍቃል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ አንድ ረፋድ፣ ሽሮ እየነፋሁ ሳለ ጠማኝ። ቀኑ ከሌላው ቀን የተለየ አልነበረም። ወንፊቱን አስቀምጬ ጠጣሁ። ደገምኩ። ወደ ወንፊቴ ሳልመለስ እንደገና ጠጣሁና ራሴን ታዘብኩ። እንደ በር ነበር፤ አንድ ሰው ውስጤ ያለ በር ከፍቶ ሳይዘጋው ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕይወቴ በውሃና በመጸዳጃ ቤት መካከል ሆነ። እጠጣለሁ፣ እወጣለሁ፤ እጠጣለሁ፣ እወጣለሁ። ሌሊት ከእንቅልፍ ይልቅ የማውቀው ጣሳውን ሆነ። በዚህ ከተማ ቋንቋ ስማር ከሁሉ አስቀድሜ ያወቅሁት የውሃን ስም ነው፦ በኦሮሞዎቹ በር ቢሻን፣ በሶማሌዎቹ በር ቢዮ፣ በሐረሪዎቹ በር ሚይ። ዳቦ በአንዳቸውም ቋንቋ ምን እንደሚባል ሳላውቅ ውሃ በሁሉም እለምን ነበር። ከሁሉ የምወደው በረዶ ነው። በረዶ ሻጩ ጋሪውን እየገፋ ሲመጣ፣ በጆንያና በሰጋቱራ የተሸፈነውን በረዶ ሲገልጠው፣ ልቤ እንደ ሙሽራ ልብ ይመታ ነበር። አንድ ቁራጭ አፌ ውስጥ አድርጌ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ያን ጊዜ ሐይቁ ይመጣል፤ ጉሙ ጉንጬን ሲነካኝ፣ ቄጠማው ሲንሿሿ እሰማለሁ፤ በረዶው ይቀልጥና መጋላ ተመልሶ ይመጣል።

ውሃ ግን ከቦኖ ተቀድቶ፣ በአህያ ተጭኖ የሚመጣ ነገር ነው። አዴ ኩልሱማ አንድ ቀን የጋኑን ክዳን ከፍታ ባዶውን አየችና ጠራችኝ።

«መዲና፣ ነይ እስቲ። እዚህ ቤት ስንት ናችሁ?»

«ሁለት ነን፣ እኔና ይመር።»

«ግመሏንስ የት ደበቃችኋት?»

«የምን ግመል?»

«ይሄን ጋን የጨረሰችውን! ወላሂ ግመል እንኳ ጠጥታ በረሃ ትሄዳለች። አንቺ ጠጥተሽ ጓሮ ነው የምትሄጂው፤ ከጓሮ ተመልሰሽ ትጠጫለሽ።»

«ይጠማኛል፣ አዴ።»

«ሁላችንንም ይጠማናል! ይሄ ድሬዳዋ ነው።»

ይመርም የሚለኝ ይኼንኑ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ቀፊራ ገበያ በረንዳ ላይ ከስፌት መኪናው ጋር ሲታገል ውሎ ይመጣና፣ ያው ደክሞትም ቢሆን፣ ቆርቆሮውን ተሸክሞ ቦኖ ይሄድልኛል። «ሙቀቱ ነው፤ ትለምጂዋለሽ» ይላል። እኔ ግን ከዓመት በላይ ኖሬበት ለምጄው እንደነበር፣ ይሄኛው ሌላ ነገር እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ። ሙቀት ለሁሉ በሽታ መልስ በሆነበት አገር የሚጠማው ሰው መታመሙን የሚያምንለት የለም። ደጋ ብሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ይታወቅብኝ ነበር።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ፣

«ምንሽን ነው?» አለኝ።

«ውሃ ይጠማኛል።»

«ቦኖው ማዶ ነው።»

«አይ፣ ሕመሜ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «እሺ፣ ግን ወረፋው ረጅም ነው፤ ውሃ ይዘሻል?» አለኝ። ይዤ ነበር። ወረፋው ሳያልቅ አልቆብኝ የሰው ለመንኩ።

የመረመረኝ ድሬሰር፣ ማለት የሐኪም ረዳት፣ ወጣት ነው፤ ጋዋኑ በስታርች ደርቆ ሲራመድ ይንኳኳል። ሽንቴን ተቀብሎ ከሰማያዊ መድኃኒት ጋር በእሳት ላይ አፈላው። ሰማያዊ ነበር፤ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ።

«ስኳር ቢኖርብሽ ይቀየር ነበር። የለብሽም፤ እንኳን ደስ ያለሽ።»

«ታዲያ ምንድነው ያለብኝ?»

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ ያስጠማል?»

ሳቀ። «እህቴ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ያልጠማው ሰው አምጪልኝና እሱን ላክመው» አለኝ፤ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ወጥቼ ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ስም የሌለው ሕመም ከባድ ነው፤ ሰው ሲጠይቃችሁ የምትሉት የላችሁም። ወባ ነው ብትሉ «አይዞሽ» ይሏችኋል። ጥም ነው ብትሉ ኩባያ ያቀብሏችኋል።

ከዚያ ረመዳን መጣ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ፈትቼ አላውቅም፤ ሐይቅ ላይ ጾም ከባድ አይደለም፣ ቀኑ በደመናና በዱዓ ያልፋል። የመጀመሪያውን ቀን ጎሕ ሳይቀድ ሱሑር ላይ ሆዴ እስኪነፋ ጠጥቼ የጾም ኒያዬን አደረግሁ። ፀሐይ ከፍ ሳትል ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። አሁንም ወደ ጓሮ እመላለሳለሁ፤ የጠጣሁት ሁሉ ጥሎኝ ይሄዳል፣ በምትኩ የሚገባ የለም። የግቢው ሴቶች ጥላው ሥር ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። አንዷ ለሌላዋ «ገና ረፋድ ነውኮ» ስትል ሰማሁ፤ ስለ እኔ ነበር። ከዚያ የግቢው ግንብ እንደ ጨርቅ መወዛወዝ ጀመረ። ነጭ አሸዋ አየሁ፣ አሸዋው ውሃ ሆነ፣ ውሃው ላይ የሆነ ሰው ነጠላ እያስተካከለ ቆሟል፤ ልጠራው አፌን ብከፍት ድምፅ የለኝም።

ስነቃ ራሴ አዴ ኩልሱማ ጭን ላይ ነበር። መንጋጋዬን ይዛ ምላሴን ታያለች። ፊቷ ላይ ያ ሁልጊዜ የሚቀልድ ነገር ጠፍቶ ነበር።

«ያ ረቢ! ይሄ ምላስ ነው ወይስ ጫማ? ጠጪ!»

«ጾሜን...»

«ጠጪ ብያለሁ! ኃጢአቱ በእኔ።»

ጠጣሁ። እያለቀስኩ ጠጣሁ፤ እንባ ግን አልነበረኝም። ከሴቶቹ አንዷ፣ በክፋት ሳይሆን በእውነት ለማወቅ ፈልጋ፣ «ከታመመችስ ይፈቀድላታል፤ ግን በሽታዋ ምን ይባላል?» አለች። አዴ ኩልሱማ ሻሿን አጥብቃ አሰረች።

«እሱን ነገ ነው የማመጣልሽ» አለቻት።

በማግሥቱ ዳቻቱን ተሻግረን ከዚራ ሄድን። ከዚራ ዛፍ የበዛበት፣ የባቡር ሹሞችና ፈረንጆች ያሉበት ሰፈር ነው፤ አዴ ኩልሱማ በዚያ ሰፈር ጫማዋን ሆን ብላ ታንጓጓለች። የሄድንበት ሙሴ፣ ፈረንጅን ሁሉ እዚያ ሙሴ ነው የሚሉት፣ አርመን ሐኪም ነበር፤ ዕድሜው የገፋ፣ አማርኛው የተሰባበረ፣ ዝምታው ግን የሚያዳምጥ። ሁሉን ነገርኩት። ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋና፣

«በረዶ ትወጃለሽ?» አለኝ።

ደነገጥኩ። በረዶውን ለማንም አልነገርኩም ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ።

«ነገ ጠዋት ነይ። ከዚያ በኋላ ምንም አትጠጪም። እኔ እያየሁሽ።»

አዴ ኩልሱማ ልትመታው ተነሣች። «ትናንት ልትሞት ነበር እኮ!»

«ለዚህ ነው እኔ እያየሁ የምለው።»

ያን ቀን ልነግራችሁ አልችልም፤ የምችለውን ያህል ግን ልሞክር። ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ሚዛንና የተዘጋ መስኮት አለ። ሐኪሙ በየጊዜው ይመዝነኛል፤ ሽንቴን በብልቃጥ ይቀበላል፤ ይጽፋል። አዴ ኩልሱማ በር ላይ በርጩማ አስቀምጣ ተቀምጣለች። «እኔም ጾመኛ ነኝ። አብረን እንጠማለን» አለችኝ። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን አብረን አልነበርንም። እሷ ከንፈሯ ደርቆ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች፤ እኔ ግንቡን እልሳለሁ። ቀዝቀዝ ይል ነበርና የእውነት ላስኩት። ከመስኮቱ ወዲያ ዛፍ ላይ የተቀመጡት ወፎች ድምፃቸው እንደሚንጠባጠብ ውሃ ይሰማኝ ነበር። እናቴ መጥታ ደጅ ላይ እንሥራዋን አውርዳ የምታርፍ መሰለኝ፤ «ግቢ እንጂ» እላታለሁ፣ አትገባም።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወደ አዴ ኩልሱማ ዞረ።

«አንቺም ስጪኝ።»

«ምን?»

ብልቃጡን አሳያት። እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። «ጾሜን ይዤ ሽንቴን ለክርስቲያን ልስጥ?» አለች። ሐኪሙም ተረጋግቶ፣ «ሽንት ጾም ይፈታል?» አላት። አሰበች። እያጉተመተመች ሄደች።

ሁለቱን ብልቃጦች መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን አቆማቸው። የእሷ እንደ ጠቆረ ሻይ ነው። የእኔ የምንጭ ውሃ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለው ዛፍ ሳይቀር በውስጡ ጠርቶ ይታያል።

«በቃ» አለ፤ ራሱ ሄዶ ውሃ አመጣልኝ፤ በረዶ አለበት። እየጠጣሁ አስረዳን። ከዓይኔ ኋላ፣ ከጭንቅላቴ ሥር፣ ሽምብራ የምታክል እጢ አለች፤ ኩላሊትን «ውሃውን ያዝ» የምትለው እሷ ናት። የእኔዋ ዝም ብላለች። ስለዚህ የጠጣሁት ሁሉ ሳይያዝ ያልፋል። በዚህ ሕመም የሚጠማው ሰው ከሁሉ በረዶ ይመርጣል አለን።

«ለምን ዝም አለች?» አልኩት።

«አላውቅም። አንዳንዴ ሰው ምክንያቱን አያገኝም። ስሙ ግን አለው፤ ዲያቤት አንሲፒድ።»

ስም አለው። እመኑኝ፣ ከውሃው እኩል አረካኝ። ስንመለስ አዴ ኩልሱማ የግቢውን በር ሳትዘጋ ነው የጮኸችው፦ «ሲፒድ ነው! ሲፒድ ነው ያለባት! አላህ ያውቃል እኔም አውቄ ነበር!» አላወቀችም ነበር፤ ግን ማንም አልተከራከራትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረመዳኑን ሙሉ ጣሳዬን እየሞላች እፊቴ የምታስቀምጠው እሷ ሆነች።

መድኃኒቱ ከባሕር ማዶ በጅቡቲ በኩል በባቡር መጣ፤ እስኪመጣም ብዙ ጠበቅን። ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ዱቄት ነው፤ በአፍንጫ ይሳባል። ሐኪሙ ከበሬ ራስ እጢ ደርቆ ተፈጭቶ የተሠራ ነው ሲለን አዴ ኩልሱማ ክዳኑን በእጇ ሸፈነችው።

«ማነው ያረደው?»

«ፈረንሳይ አገር ነው የታረደው።»

«ቢስሚላህ ብሎ?»

«እኔ አልነበርኩም» አለ ሙሴው።

የሰፈራችን ሼህ ተጠይቀው ለመድኃኒት ሌላ አማራጭ የሌላት በሽተኛ ይፈቀድላታል አሉ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። ሳብኩት። አስነጠሰኝ፣ ዓይኔ አነባ፣ ግቢው በሙሉ «የርሐሙክ አላህ» አለኝ። ጠበቅሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ጣሳዬን አንሥቼ ወደ አፌ አስጠጋሁና ዝም ብዬ ያዝኩት። አልፈለግሁትም። እንደዚያ ቀላል ነበር። ማታ ደግሜ ስቤ ተኛሁ፤ ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይ ፊቴ ላይ ናት፤ ይመር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያየኛል፤ ጣሳው እንደሞላ ነው።

«ሥራ አልሄድክም?» አልኩት።

«ስትተኚ እያየሁ ነው» አለኝ።

ይኸው እንዲህ ከድሬዳዋ ጋር ተጋባሁ። ዱቄቱ ባቡር በሌለበት አይደርስም፤ ብዙ ቢያስቀምጡት ይበላሻል። ሐኪሙ እንዳለኝ ያለ እሱም አልሞትም፤ ውሃ እስካለ ድረስ እኖራለሁ። ሐይቅ ደግሞ ውሃ ሞልቷል። ግን እየጠጡ ማደር፣ እየወጡ መግባት፣ እንደገና ያ በር ተከፍቶ መኖር... ለጥየቃ መሄድ እችላለሁ፤ ለመቅረት ግን አልችልም። ይመር «እንመለስ ካልሽ እንመለሳለን» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ የዱቄቷን ቆርቆሮ አያለሁ።

እናቴ መታመሜን ከመንገደኛ ሰምታ ድምፄን ካልሰማሁ አለች። የአጎቴ ልጅ ደሴ ስልክ ቤት ይዟት እንዲመጣ በቀጠሮ ተላላክን። ድሬዳዋ ስልክ ቤት ከሰዎች ጋር አግዳሚ ላይ ስጠብቅ ውዬ ኦፕሬተሩ «ደሴ! ደሴ የጠየቀ!» ብሎ ጮኸ። ሣጥን የመሰለችው ክፍል ውስጥ ገባሁ፤ ውስጧ እንደ እቶን ይፋጃል።

«መዲና? መዲናዬ? አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«ድምፅሽ ቀጥኗል። ዳንሽ?»

«ድኛለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። መድኃኒት አግኝቻለሁ።»

«ምን ዓይነት መድኃኒት ነው?»

«ዱቄት ነው፤ በአፍንጫ የሚሳብ።»

ለአጎቴ ልጅ ስትነግረው ሰማሁ፦ «ልጄ እዚያ አገር ሱረት ጀመረች!»

«ሱረት አይደለም፣ እናቴ! የሐኪም ነው!»

«ሽማግሌዎቹም መድኃኒት ነው ነው የሚሉት። እሱን ተይና ነይ። ውሃ ከሆነ የጠማሽ እዚህ ሞልቷል። መቼ ነው የምትመጪው?»

«ኢንሻአላህ» አልኩ። የእኛ ሰው ኢንሻአላህ ሲባል ይለየዋል፤ የሚመጣ ሰው ኢንሻአላህና የማይመጣ ሰው ኢንሻአላህ አንድ አይደለም። እናቴ ለየችው።

«ይሰማሻል?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ዝናቡ። ቆይ፣ አሁን ይሰማሻል።»

ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ወደ መስኮቱ ሳትዘረጋው አልቀረችም፤ ድምፅዋ ራቀ፤ በቦታው የደሴ ዝናብ መጣ። የቆርቆሮ ጣራ ላይ ይወርዳል፣ ይከብዳል፣ ሳሳ ይልና እንደገና ይወርዳል። ግንባሬን ግንቡ ላይ አስደግፌ ቆምኩ። ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል።

ኦፕሬተሩ መሐል ገባ።

«እህት፣ ንግግር የለም እኮ። ልቁረጠው?»

«ተወው፣ ወንድሜ» አልኩት፤ «እየሰማሁ ነው።»